የብየዳ ጠረጴዛ ለቤት ወርክሾፕ፦ ከላሜራ መረጣ እስከ ውሃ ልክ

በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የአልጋ ፍሬም ወይም መደርደሪያ በቤቱ የሚበይድ ሰው ስለ ማሽኑና ስለ ኤሌክትሮዱ ብዙ ይጨነቃል። ሥራውን የሚያጣምመው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበይድበት ቦታ ነው። መሬት ላይ በድንጋይ ተደግፎ የተበየደ ፍሬም የመሬቱን ጉብታና ጉድጓድ ይዞ ይነሳል። የተወለገደ ጠረጴዛ ላይ የተሠራ በርም ተወልግዶ ይወጣል፤ ከዚያ ማጠፊያው ላይ ሲሰቀል በመዶሻ መደብደብ ይመጣል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውላችሁ፦ ገንዘባችሁን ከላይ ባለው ላሜራ ላይ አውጡ፣ እግሩ ላይ ቆጥቡ፣ ትዕግሥታችሁን ደግሞ ለማስተካከያው አስቀምጡ። የሚከተለው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ለኩ

መሃል አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ፣ ልደታም ሁን ተክለሃይማኖት፣ አራት ኪሎም ሁን ካዛንቺስ፣ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ብዙ ጊዜ ያላችሁ የሰርቪስ ቤቱ በረንዳ ወይም የጋራ ግቢ አንድ ጥግ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ 1.2 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ እመክራለሁ። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት በተራ የክፍል በር ይገባል። 1.2 ሜትር ርዝመት ደግሞ አብዛኛውን የመስኮት ሥራ ይችላል፤ በር የመሰለ ትልቅ ሥራ ሲመጣ ጫፉን በተመሳሳይ ቁመት መደገፊያ ማስያዝ ይበቃል።

ጠረጴዛውን ጥግ ውስጥ አትወሽቁት። አርኤችኤስም (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ሆነ አንግል ብረት የሚሸጠው በ6 ሜትር ርዝመት ነው። ብረቱ በአንዱ ወይም በሁለቱም ጫፍ ተርፎ የሚወጣበት ክፍት መስመር ይኑረው። ከፊት ለፊት ቢያንስ 1 ሜትር መቆሚያ ተዉ።

ቁመቱን ከሰው አትጠይቁ፤ ከራሳችሁ ክርን ለኩ። የሥራ ጫማችሁን አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ክርናችሁን እጠፉ፣ ከመሬት እስከ ክርን ያለውን ለክታችሁ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ። ለብዙ ሰው ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። እኔ ከዚህ በታች የምሰጠው ልኬት ለ90 ሳንቲ ሜትር ነው።

ቀጥሎ ዙሪያችሁን እዩ። የግራይንደር ፍንጣሪ 10 ሜትር ያህል ርቆ ሊሄድ ይችላል። በጭቃ ቤት ውስጥ ያለ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ የከሰል ኬሻ፣ ቡታጋዝ፣ የላስቲክ ሸራ፣ የጎረቤት ማስጫ ላይ ያለ ልብስ፣ እነዚህ ሁሉ በዚያ ርቀት ውስጥ ከሆኑ ቦታው ገና አልተዘጋጀም። ከጠረጴዛው ጀርባና ጎን የምታቆሙት መከለያ ከአሮጌ ቆርቆሮ ቢሆን ይመረጣል። ፍንጣሪውን ያስቀራል፣ የብየዳውንም ብርሃን ከልጆች ዓይን ይጋርዳል። ያ ብርሃን ተንኮለኛ ነው፤ ሲነካ አይታወቅም። ከሰዓታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ላይ፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ያቃጥላል። የራሳችሁ ማስክ ይጠብቃችኋል፤ በጋራ ግቢ የሚያልፍ የሚያገድመውን የሚጠብቀው ግን መከለያው ብቻ ነው።

አንድ ባልዲ አሸዋና የእሳት ማጥፊያ በእጃችሁ ርቀት ይሁኑ። ሥራ ከጨረሳችሁ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከቦታው አትራቁ፤ ኬሻ ውስጥ የገባ ፍንጣሪ ቆይቶ ነው የሚነሳው። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ነጻ የስልክ መስመር 939 ነው፤ ግድግዳው ላይ በቀለም ጻፉት።

የትኛው ዓይነት ጠረጴዛ?

ተጣጣፊ የውጭ ጠረጴዛ አለ። ቀላል ነው፣ ሲያበቃ ታጥፎ ግድግዳ ይደገፋል። ላዩ ግን ቀጭን ስለሆነ ከባድ ብረት ሲጫንበት ይሰምጣል፣ ሙቀት ሲበዛበትም ይጎብጣል። ለትናንሽ ሥራ ብቻ ይሁን።

በፋብሪካ ተሠርቶ ላዩ ሁሉ በእኩል ርቀት ቀዳዳ የሆነ ጠረጴዛም አለ። ቀዳዳዎቹ 16 ወይም 28 ሚሊ ናቸው፤ መያዣዎቹ እዚያ ይሰካሉ። ድንቅ ነገር ነው፤ ዋጋው ግን ለቤት ሥራ አይመጥንም። ሐሳቡን ብቻ ውሰዱ፦ የራሳችሁ ላሜራ ላይ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ስድስት ወይም ስምንት የ16 ሚሊ ቀዳዳ ማስበሳት ትችላላችሁ። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ቡሎን ለብረቱ ማቆሚያ ይሆናል።

ሦስተኛው ላዩ አንድ ወጥ ላሜራ ሳይሆን በመካከላቸው ክፍተት ያላቸው ዩ ብረቶች ወይም ወፍራም አርኤችኤስ የተደረደሩበት ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሞርሰቶ (ብረቱን ነክሶ የሚይዘው ማጥበቂያ) በየክፍተቱ ይገባል፣ ፍንጣሪውም ወደ ታች ይወርዳል። ችግሩ ሁሉንም በአንድ ደረጃ ማስተኛት ነው። ልምድ ላለው በያጅ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለጀማሪ አልመክርም።

ለአብዛኛው ሰው የሚሆነው ወጥ ላሜራ ያለው፣ ራስ የሚሠሩት ጠረጴዛ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስለሱ ነው።

ላሜራውን ስትገዙ

ውፍረቱ ስንት ይሁን? 6 ሚሊ ይሠራል፣ 10 ሚሊ ያስደስታል፣ እኔ ብጠየቅ ግን 8 ሚሊ እላለሁ። 8 ሚሊ ከ6 ሚሊ በክብደት በሲሶ ብቻ ይበልጣል፤ ላሜራ ደግሞ ዋጋው ከኪሎው ጋር ነው የሚሄደው። መታጠፍን መቋቋሙ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። የጥቅሙ ልክ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይሄድም፣ በብዙ ይቀድመዋል። ለዚህ ነው ገንዘቡ እዚህ ይሂድ የምለው።

መርካቶና ተክለሃይማኖት አካባቢ ላሜራው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው 1 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ ነው። ቁራጭ የሚሸጥ ካላገኛችሁና ሥራውን የሚወዱ ጓደኞች ካሏችሁ፣ አንዱ ላሜራ ለሦስት ተከፍሎ ሦስት 1 ሜትር በ66 ሳንቲ ሜትር ገጽ ይወጣዋል። ለጠባብ ግቢ ያም ጥሩ ልክ ነው።

ያገለገለ ከፈለጋችሁ ምናለሽ ተራ ጎራ በሉ። ከተፈቱ ማሽኖችና ከመኪና አካል የተረፈ ወፍራም ብረት እዚያ ይገኛል። የዛገ አያስፈራም፤ ዝገት በግራይንደር ይነሳል። የሚያስፈራው የተጣመመ ነው። ወፍራም ላሜራ አንዴ ከተጣመመ በቤት ውስጥ ጉልበት አይቃናም። ነዳጅ፣ ዘይት ወይም ኬሚካል ይዞ የነበረ በርሚልና ታንከር ግን ባዶ ቢመስልም አትቁረጡት፣ አትበይዱትም። ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል።

ሱቅ ውስጥ እነዚህን አድርጉ።

ቀጥ ያለ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ 1 ሜትር ውሃ ልክ ይበቃል። ላሜራው ላይ በርዝመቱ፣ በስፋቱ፣ ከጥግ ወደ ጥግ አስተኙትና ከሥሩ ብርሃን ይታይ እንደሆነ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የሴጌቶ ምላጭም በኪሳችሁ ይኑር። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ትንሽ ይበልጣል። በ1 ሜትር ውስጥ አንድ ምላጭ ቢገባ ምንም አይደል። ሁለት ተደራርበው ከገቡ ሌላ ላሜራ ይውረድላችሁ በሉ። ግድግዳ ተደግፎ የከረመ ላሜራ ሆዱ ይወጣል፤ ተኝቶ የተቀመጠውን ምረጡ።

ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ። ካሊፐር ከሌለ ሚዛን አለ። ርዝመቱን በሜትር፣ ስፋቱን በሜትር፣ ውፍረቱን በሚሊ አባዙና በ7.85 ምቱት፤ የሚመጣው ኪሎው ነው። 1.2 በ0.6 የሆነ 8 ሚሊ ላሜራ 45 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሚዛኑ 39 ካለ በእጃችሁ ያለው 7 ሚሊ ነው።

አስቆርጣችሁ ስትወስዱ በመቁረጫ ማሽን ይቆረጥላችሁ። በጋዝ የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ ይሻክራል፣ በሙቀቱም ሊጎብጥ ይችላል። ባለ ጥርስ ላሜራ ለደረጃ እንጂ ለጠረጴዛ አይሆንም። ጋልቫናይዝድ የሆነውንም ተዉት፤ ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ወባ የመሰለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል።

ፍሬሙና እግሩ

እዚህ ነው ቁጠባው። 50 በ50 አርኤችኤስ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ፣ ሁለት ባለ 6 ሜትር ብረት ይበቃል። 3 ሚሊ ብታገኙ ይጠነክራል፤ ግዴታ ግን አይደለም። አንዱን ብረት እንዲህ ቁረጡ፦

- 110 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት (የላይኛው ፍሬም ረጅም ጎን)
- 80 ሳንቲ ሜትር፣ አራት (እግር)
- 40 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ (የላይኛው ፍሬም መሃል)

ከሁለተኛው ብረት 100 ሳንቲ ሜትር ሁለት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አራት ይወጣል። እነዚህ ለላይኛው ፍሬም አጭር ጎንና ለታችኛው ማሰሪያ ናቸው። ከ2 ሜትር በላይ ይተርፋችኋል፤ ለመከለያው እግር ይሁን።

ፍሬሙ ሲገጠም 110 በ50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ላሜራው በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ይወጣል ማለት ነው። ያ ትርፍ ሞርሰቶ የሚነክስበት ስለሆነ አትቀንሱት።

ለጥ ያለ ጠረጴዛ ሳይኖር ለጥ ያለ ፍሬም የት ይበየዳል? ራሱ ላሜራው ላይ። ላሜራውን ሊሾ ወለል ላይ፣ ከሥሩ ሦስት የአርኤችኤስ ቁራጭ አድርጋችሁ፣ ፊቱን ወደ ታች አስተኙት። ፍሬሙን በላዩ ደርድሩና በሞርሰቶ አጥብቁ። እግሮቹንም ወደ ላይ አቁማችሁ ጠረጴዛውን ተገልብጦ ትሠሩታላችሁ። ፍሬሙ የላሜራውን ቀጥታ ይወርሳል። ላሜራውን ግን ከፍሬሙ ጋር ገና አትበይዱት። የሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ መበየድም አይገባም፤ በውስጡ ያለው እርጥበት በድንገት ሲሞቅ ፈንጥሮ ፊት ላይ ይመጣል።

መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዙ። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ ለኩ። ሁለቱም ሰያፍ 120.8 ሳንቲ ሜትር መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ከበለጠ የረጅሙን ሰያፍ ጥግ እንጨት እያስያዛችሁ በመዶሻ መልሱት። እግሮቹን በስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) በሁለት ፊት እዩ። ልክ ሲሆን ነው ሙሉ ብየዳ የሚጀመረው። 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይወስዳል፤ በ2 ሚሊ ብረት ላይ ከታችኛው ጀምሩ። አንዱን ጥግ ጨርሳችሁ ወደ ጎረቤቱ አትሂዱ፤ ወደ ተቃራኒው ዝለሉ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብም ብረቱን ወደ ራሱ ይጎትታል። ከተቃራኒ ጥግ ስትሄዱ ጉተታው ይጣጣላል።

በየእግሩ ጫፍ የማስተካከያ ቡሎን ይግባ። 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ 6 ሚሊ ላሜራ ቆርጣችሁ መሃሉን በ17 ወይም በ18 ሚሊ ፑንታ ብሱ። የ16 ሚሊ ዳዶ በአንድ ፊቱ በይዱበትና ዳዶው ወደ እግሩ ውስጥ እንዲገባ አድርጋችሁ ክደኑት። ዳዶው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ዚንክ ነውና ከመበየዱ በፊት በግራይንደር ላጡት። ቡሎኑን በዳዶው ውስጥ አስገብታችሁ በይዱ፤ አለዚያ ፍንጣሪ ጥርሱን ይሞላዋል። ከውጭ አንድ ተጨማሪ ዳዶ ለማጥበቂያ ተዉ። ሁሉም ሲገጠም ከመሬት እስከ ላሜራው ፊት 90 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ክብደቱም 73 ኪሎ አካባቢ ነው።

ጎማ ይደረግ ወይ? ግቢው ሊሾ ከሆነና ማታ ማታ ወደ ውስጥ የምታስገቡት ከሆነ አዎ። አራቱም እግር ላይ ግን አይሁን። በአንዱ አጭር ጎን ሁለት ጎማ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ግጠሙ፤ ሌላውን ጫፍ ስታነሱ ጎማዎቹ መሬት ይይዛሉ። ሥራ ላይ ሲሆን ጠረጴዛው በቡሎኖቹ ይቆማል።

ላሜራውን ማሰር

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ነው የሚያበላሸው። ላሜራውን ዙሪያውን ከፍሬሙ ጋር ይበይደዋል። ያ ሁሉ ብየዳ ሲሰበሰብ ተለክቶ የተመረጠው ላሜራ ይጎብጣል። በቡሎን እሰሩት። ከ4 ሳንቲ ሜትር አንግል ብረት ስድስት ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ ቡሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ በስታችሁ፣ ከፍሬሙ የውስጥ ጎን በይዱ። በላሜራው ላይ ከታች በኩል ስድስት የ10 ሚሊ ቡሎን ጥርስ ቶርኖ ቤት አስወጡ፤ 8 ሚሊ ውፍረት ለዚህ በቂ ነው። ቡሎኖቹ ከላይ እንዳይወጡ ርዝመታቸውን እዩ። በቡሎን የታሰረ ላሜራ ቢሰምጥ ከሥሩ ቀጭን ቆርቆሮ ገብቶ ይቃናል፣ ሲያረጅም ይገለበጣል።

ቡሎኑ ካልተመቸ፣ በስድስት ቦታ ብቻ፣ እያንዳንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ብየዳ፣ በመሃል እያቀዘቀዛችሁ።

ማስተካከሉ

ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ነው። በከተማችን ግቢዎች ለጥ ያለ ወለል ብርቅ ነው፤ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ሊሾውም ተዳፍቷል።

ጠረጴዛውን ቦታው ላይ አቁሙ። በየቡሎኑ ሥር ወፍራም የላሜራ ቁራጭ አድርጉ፤ አፈር ከሆነ ድንጋይ ተደልድሎ በላዩ ይሁን። መጀመሪያ አንዱን ቡሎን ከፍ አድርጋችሁ ጠረጴዛው በሦስት እግር እንዲቆም አድርጉ። በሦስት እግር የቆመ ጠረጴዛ አይንቀጠቀጥም፣ አይጠመዘዝምም። ውሃ ልኩን በርዝመቱ አስተኙ፣ ከዚያ በስፋቱ። የ16 ሚሊ ቡሎን አንድ ሙሉ ዙር 2 ሚሊ ያነሳል፤ ሩብ ዙር ግማሽ ሚሊ ነው። በ24 ቁልፍ ሩብ ሩብ እያላችሁ ሂዱ። ሦስቱ ልክ ሲሆኑ አራተኛውን መሬት እስኪነካ ብቻ አውርዱት፤ ከዚያ በላይ አትግፉ።

አሁን የሲባጎ ፈተና። ውሃ ልክ ጠመዝማዛን አንዳንዴ አያሳይም፤ ሲባጎ ግን አይዋሽም። አራት አንድ ዓይነት ዳዶ በአራቱ ጥግ አስቀምጡ። ቀጭን ሲባጎ ከጥግ ወደ ጥግ በዳዶዎቹ ላይ አሳልፋችሁ በጣም ወጥሩ። ሁለተኛውንም በሌላው ሰያፍ። መሃል ላይ ሲገናኙ ልክ ተነካክተው ማለፍ አለባቸው። ጎንበስ ብላችሁ በዓይናችሁ ትክክል እዩ። የላይኛው ከታችኛው ተለይቶ ከታየ የላይኛው ሲባጎ ጥጎች ከፍ ብለዋል። የላይኛው ታችኛውን ተጭኖ ካጎበጠው ደግሞ የታችኛው ጥጎች ናቸው ከፍ ያሉት። ከፍ ካሉት ጥጎች የአንዱን ቡሎን ሩብ ዙር መልሱ፣ እንደገና እዩ። ሲያልቅ የማጥበቂያ ዳዶዎቹን እሰሩ።

ጠረጴዛው ቦታ በለወጠ ቁጥር ይህ ይደገማል። ስትለምዱት አስር ደቂቃ አይወስድም።

መብራቱና ማሳው

መስመራችን 220 ቮልት ነው። በ100 አምፔር ስትበይዱ ማሽኑ ከመስመሩ ከ15 እስከ 20 አምፔር ሊስብ ይችላል፤ የተለመደው ሶኬት ደግሞ ለ16 ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪሲያን ጠርታችሁ ከብሬከሩ የራሱ መስመር በ4 ስኩዌር ሚሊ ሽቦ አስዘርጉ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የጎረቤት አምፖል ስትበይዱ ይፈዛል፤ ሰዓቱን ከእነሱ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። የማራዘሚያ ገመድ እንደተጠቀለለ አትጠቀሙ፤ ይግላል፣ ይቀልጣል።

የከተማችንም ከፍታ ነገር አለው። የብየዳ ማሽኖች ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኢሲ 60974-1፣ ማሽኑ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች። አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያው ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ያነሰ ነው። ሰሌዳው ላይ ከ10 ደቂቃ 6 ደቂቃ ይሠራል ቢልም እናንተ ቀነስ አድርጉለት፣ መሃል ላይ አሳርፉት።

ማሳውን (የማሽኑን የመመለሻ ገመድ መንከሻ) የትም ብረት ላይ አትንከሱት። ከላሜራው ጠርዝ ሥር አንድ 10 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ብረት በአጭሩ በይዱና ፊቱን አንጹት፤ የማሳው ቦታ እሱ ይሁን። የምትበይዱት ብረት የተቀባ ከሆነ ከላሜራው ጋር የሚገናኝበትን ላጡት። ጠረጴዛው የቆርቆሮ ግድግዳ ወይም የውሃ ቧንቧ እንዳይነካ አርቁት።

ክረምትና ዝገት

እግሩን አንቲረስት ቀቡት። ላሜራውን ግን ቀለም አታስነኩ፤ ቀለም ማሳውን ይከለክላል፣ ሲቃጠልም ይጨሳል። ሥራ ስታበቁ ፍንጣሪውን በመሮ አራግፉ፣ በዘይት የራሰ ጨርቅ በስሱ አሳልፉበት። ከመበየዳችሁ በፊት ያንን ዘይት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ይህ በየዕለቱ ነው። የምትቆሙበት ቦታ ላይ ደረቅ ጣውላ ወይም የጎማ ምንጣፍ ይኑር። ወለሉ ከረጠበ፣ ጓንታችሁም ከረጠበ፣ የዚያን ቀን ብየዳው ይቅር። ላሜራውን በላስቲክ ሸራ ሙሉ በሙሉ አትጠቅልሉት፤ ከሥሩ እርጥበት ይይዛል። ከላይ ብቻ ሸፍናችሁ ጎኖቹን ለንፋስ ክፍት ተዉ።